መቀሱን ተዉልኝ

መጀመሪያ የከዳኝ አውራ ጣቴ ነው። ደሴ ፒያሳ ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ተቀምጬ ቀሚስ ስቆርጥ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት። ወደቀ። ልናገር ስል ምላሴ ተሳሰረ። አፌም ወደ አንድ በኩል ተጣሞ እንደነበር ልጄ ሃያት ኋላ ነገረችኝ። ጎረቤት ተሰበሰበና ምች ነው አለ። ዳማከሴ ታሽቶ ፊቴን ቀቡኝ፤ ሸፋፍነው አስተኙኝ። እኔም ምች መስሎኝ ተኛሁ። ስነቃ ቀኝ እጄ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ግን አይታዘዘኝም።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ወደ አንጎሌ ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቷል፤ ያመጣብኝም ሳልታከመው የኖርኩት የደም ግፊት ነው። ያኔውኑ መምጣት ነበረባችሁ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዳማከሴ ለምች ይሁን፤ የተዘጋ ሥር አይከፍትም።

ቤት ስመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ፤ የሰው ደግነት። ዘመድ ከቢስቲማ መጣ፣ ጠያቂ ከየሰፈሩ መጣ። አላህ ይስጣቸውና ሁሉም ያጎርሰኛል። ማንኪያ ላነሳ ስል "አብሽሪ፣ እኛ እያለን?" ይሉኛል። ያበጥሩኛል፣ ጫማዬን ያስሩልኛል። እኛ ዘንድ በሽተኛ እጁን ካንቀሳቀሰ ቤተሰቡ ያፍራል። እጄን ልታሠራ ከሆስፒታል የምትመጣው ፊዚዮቴራፒስት ይህን አይታ ፊት ለፊታቸው ነገረችኝ። "እትዬ ዘምዘም፣ እጅዎ ካልሠራ አንጎልዎ ይረሳዋል። የሚወዱትን ሥራ ይስጡት።"

ጨርቅ መቁረጥ አይሞከርም። ወረቀትስ? አልኩ። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ሰይድ ልደት ደርሶ ነበር። ጋሼ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በአሰብ መንገድ ላይ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ሲነዳ ጨርሷል። የተወለደበትን ቀን እናታችንም አታውቀውም፤ ልጆቹ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ቀን ይዘው ኬክ ያስቆርሱታል። ጡረታ ወጥቶም ወሬው ሁሉ መኪና ነው፤ የአሮጌ ኤንትሬ ድምፅ ከሰማ ምሳውን ትቶ ወደ በር ይወጣል። ስለዚህ ኤንትሬ ያለበት የልደት ካርድ ልሠራለት ተነሳሁ፤ አካሉ ከቀይ ካርቶን፣ ሸራው ከጨርቅ ቁራጭ፣ ጎማው ከጥቁር ቁልፍ።

እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። መቀሱ ይከፈታል፣ አይዘጋም። ይዘጋል፣ አይከፈትም። ሙጫው ከካርቶኑ ይልቅ እኔን ይለጥፋል። አለቀስኩ። ካርቶኑን ወረወርኩት። በግራ እጄ ለቀምኩት። የሰው ቀሚስ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት አንዲት መስመር አቃተኝ! ሃያት ባየችኝ ቁጥር እኔ ልቁረጥልሽ ትላለች፤ እኔ እጮሃለሁ፤ እሷ ታኮርፋለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ወጣ። ገደል ገብቶ የወጣ መኪና ይመስላል፤ ግን እጄ የሠራው ነው።

በልደቱ ቀን ኮምቦልቻ ወረድን። ጋሼ ሰይድ ፖስታውን ሲከፍት ደነገጥኩ። ከውስጡ የወጣው ጠርዙ በማስመሪያ የተቆረጠ፣ ጎማው እኩል የሆነ፣ ያማረ መኪና ነው። ለካ ሃያት ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ፣ እኔ ስተኛ ጠብቃ እንደ አዲስ ሠርታዋለች። እንግዳው ሁሉ ማሻ አላህ፣ እጅሽ ዳነ ይለኛል። ደሜ ፈላ።

"የእኔ አይደለም" አልኩ።

ሃያት አንገቷን ደፋች። መቀስ አምጡልኝ አልኩ፤ ከኬኩ ካርቶን ክዳኑን ቀደዱልኝ። እዚያው ጀመርኩ። ካርቶኑ ይሸሸኛል። መቀሱ ይስታል። ላበኝ። ሃያት አላስችል ብሏት መቀሱን ልትቀበለኝ ስትል ጋሼ ሰይድ እጇን ያዘ።

"ተያት። ረዳት ጎማ ይቀይራል፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋል እንጂ ሹፌር እየነዳ መሪ አይነካም። አንቺ ካርቶኑን ያዢላት።"

ያዘችልኝ። ቆረጥኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እንግዳው ተቁነጠነጠ፤ እኔ ቆረጥኩ። ስጨርስ ጋሼ ሰይድ መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላብጦ አየው።

"ኤንትሬ ይሄ ነው" አለ። "ወላሂ፣ እኔ የነዳሁትም ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም።"

ዛሬ ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የግፊት ኪኒኔን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ፣ ጣቶቼን በየቀኑ አሠራለሁ፣ ጨርቅም በቀስታ መቁረጥ ጀምሬያለሁ፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን ገና አልሆነልኝም፣ ያናድደኛልም። ለአላህ ምስጋና ይግባው። ሐኪሞቼን፣ ፊዚዮቴራፒስቷን፣ ያጎረሱኝንም ሁሉ ውለታቸውን ይክፈልልኝ። ሃያቴን ከሁሉ በላይ። እናንተ ግን አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ምላሱ የተሳሰረ ሰው ካያችሁ ምች ነው ብላችሁ አታስተኙት፤ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት። ቤት ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የሚችለውን ቀርቶ የማይችለውንም ይሞክር፤ ሲናደድ ተዉት፣ ይናደድ። እኔ አሁን የቀሚሴን ቁልፎች ራሴ እቆልፋለሁ። ሃያት በሩ ላይ ቆማ ትቁነጠነጣለች፤ የኮምቦልቻው ሚኒባስም ጥሎን ይሄዳል። ይሂድ።