ሞክሼ ካርዶች

ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ከተማ፣ ከወልዲያ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። የመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ እንኳ አላስያዙኝም። ሁለት ፓወር ሳፕላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «የትኛው ይበልጣል?» አሉኝ።

ሁለቱም ላይ አምስት መቶ ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «እኩል ናቸው ጋሼ» አልኩ።

«እስቲ አንሳቸው።»

አንዱ ከበደኝ። ሌላው ባዶ ጣሳ ያነሳሁ ያህል ቀለለኝ። ጋሽ ታደሰ ሁለቱንም ፈተው ውስጣቸውን አሳዩኝ። የቀላሉ ሆድ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። «ወረቀት ማንም ይለጥፋል» አሉ። «ደንበኛ ሲጠይቅህ ያነበብከውን ሳይሆን የመዘንከውን ነው የምትነግረው።» ገባኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አቧራ ስጠርግ ኖርኩ ብል አልዋሸሁም። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር፣ የቀበሌ ፕሪንተር፣ ሽሮ የተደፋበት ላፕቶፕ ሳይቀር ጠግኛለሁ። ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። ከደንበኞቼ ትልቅ የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደሴ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ምስሉን ሠርቶ የሚያወጣው ይኸው ካርድ ሦስት ፋን የተደረደረበት ክንድ የሚያህል ነገር ነው። ከክብደቱ የተነሳ እንዳይጎብጥ ከሥሩ እንጨት አስደግፌለታለሁ።

ሞክሼ የመጣው ከሪያድ በተመለሰ በዓመቱ ነው። ስሙ እንደኔ ሁሴን ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞክሼ ተባባልን። ሪያድ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ በጽዳት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ከነዳፊዎቹ እያየ ያልተሠራን ቤት የተሠራ አስመስሎ በቪዲዮ ማሳየት ተማረ። እጁ የተባረከ ነበር። ይህን የምለው ለወዳጅነት አይደለም።

ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠሩ ያሰቡ አንድ ሐጂ ሥራ ሰጡት። ሸሪኮቻቸው መሬቱን ሊያዩ ሲመጡ፣ መሠረቱ ገና ያልተቆፈረውን ቤት በስክሪን ሊያስጎበኟቸው ፈልገዋል። ካማረላቸው የሚቀጥለውም ሥራ የእሱ ይሆናል። «ይቺ ከተሳካች ወላሂ ሁለተኛ ዓረብ አገር አልሄድም» አለኝ።

የአጎቱ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ስለነበር ምን ይዞለት እንዲመጣ ማዘዝ እንዳለበት ጠየቀኝ። «ላፕቶፕ ይሻለኛል ዴስክቶፕ? የሁለቱም ካርድ ስሙም ቁጥሩም አንድ ነው።»

እኔ አንድ ቦርድ እየበየድኩ ነበር። «ያው ነው፤ ቁጥሩ አንድ አይደል? መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፕ ይሻልሃል» አልኩት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ላፕቶፑ በገባ በሦስተኛው ቀን አቅፎት መጣ። «ሞክሼ፣ ያቃስታል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ፋኑ ይጮኻል፤ የፊደሎቹ መደዳ ጣት ያቃጥላል። አንዷን ምስል አውጥቶ እስኪጨርስ የያዝነው ሻይ በረደ። እሱ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ የሁለቱን ካርዶች ዝርዝር አነበብኩና ደነገጥኩ። የዴስክቶፑ አራት መቶ ሃምሳ ዋት ይወስዳል፤ የሞክሼ ላፕቶፕ ካርድ መቶ ሃምሳም አይሞላም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ቺፕ ራሱ ያነሰ ነው፤ ሚሞሪውም እንደዚሁ። በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ለመብራት መጥፋት ይሻልሃል ያልኩት ከንቱ ወሬ ነበር።

መፍትሔ አልጠፋም ነበር። ደሴ ያለው ደንበኛዬ ጋ ደውዬ «ይህን ልጅ ሁለት ቀን ካርድህ ላይ አሠራልኝ» ብለው እምቢ አይለኝም። ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ሞክሼን «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። በከተማው «ሁሴን ካለ አለቀ» የሚባልልኝ ሰው ነበርኩ። አፈርኩ። በማግስቱ ላፕቶፑን ፈትቼ ቺፑ ላይ የሚቀባውን የማቀዝቀዣ ፔስት ቀየርኩለት፤ ከሥሩ ሁለት ጡብ አስገባሁ፤ የጠረጴዛ ፋን አዞርኩበትና «አብሽር፣ ይሠራል» አልኩት።

አልሠራም። ሐይቁንና ባሕር ዛፎቹን ሲጨምርበት ሚሞሪው ይሞላና ፕሮግራሙ ይዘጋል። ውሃውን አወጣ። ዛፎቹን ቀነሰ። በመጨረሻው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፤ በባትሪ ሞከረው፣ ተንፏቀቀ። ሸሪኮቹ በመጡ ዕለት በእጁ የነበረው ግማሽ ኮሪደርና አንድ ደረጃ ነው። ሐጂ አልተቆጡም። «ልጄ፣ እንግዶቼ ባዶ መሬት አይተው ሄዱ» ብቻ አሉት። ሥራውን ለኮምቦልቻ ሰው ሰጡት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ሱቅ ገባ። «አንተ ጋ ይቀመጥ» አለኝ።

«ምነው?»

«ልሄድ ነው።»

«በየት በኩል?»

«በባሕር።»

ቪዛ እንዲጠብቅ ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ማሽኑ ደህና ነው፤ አንተም አይተኸዋል። የማይረባው የኔ እጅ ነው ሞክሼ። ከመጥረጊያ ሌላ አልተጻፈልኝም።»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። «አላህ ይጠብቅህ» ብዬ ዋጥኩት።

ሁለት ወር ቆይቶ የደሴው ደንበኛዬ ማሽኑን ለጽዳት አመጣ። አቧራውን ካራገፍኩ በኋላ ባለቤቱን አስፈቅጄ የሞክሼን ሥራ ከላፕቶፑ ገለበጥኩበት። ውሃውንም ዛፎቹንም መለስኩ። ላፕቶፑን ሁለት ሳምንት ያሰቃየው ሥራ ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ አለቀ። በሩ ይከፈታል፤ ደረጃው ይወጣል፤ ሰገነቱ ላይ ሲደረስ ሐይቁ ከነሞገዱ ይታያል። እጁ ምንም አልጎደለውም ነበር። ስልኩን ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ዝግ ነው። አብረውት ከተሳፈሩት አንድም የደወለ የለም።

እናቱ እትዬ ዘሀራ በገበያ ቀን ይመጣሉ። «እስቲ የልጄን ቤት ክፈትልኝ» ይሉኛል፤ ወደ ላፕቶፑ የመለስኩትን ያለቀ ቪዲዮ እከፍትላቸዋለሁ። አንድ ቀን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ «እንዲህ የሚችል ልጅ፣ ያረቢ፣ ምን ሆኖ ሄደ?» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው «ያው ነው» እስከ መጨረሻው ዝምታዬ አንድም አላስቀረሁም።

«ይኼንን ለሱ ነበር መንገር» አሉኝ። ከዚያ ደግሜ እንድከፍትላቸው በጣታቸው አመለከቱኝ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የላፕቶፕ ካርድና የዴስክቶፕ ካርድ ሞክሼ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ ስሙን ትታችሁ ዋቱንና ሚሞሪውን እዩ። ከተሳሳታችሁም ሰውዬው ሳይሄድ ንገሩት።