የማዳም ዓቢዳ ብልቃጥ

መነን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በባቡር ስትመጣ ሃያ ዓመቷ ነበር። ጋቦዴ ሰፈር፣ በማዳም ዓቢዳ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት በሠራተኝነት ስትኖር አንድ ነገር እጇ ሳያስብ የሚያደርገው ሆነ፤ መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን ሶኬት መንቀል። ጅቡቲ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። መብራት ሲመለስ እንደ ጎርፍ ነው፣ ፍሪጅ ያቃጥላል።

ማዳም በቆሽት ካንሰር ሞቱ። ጉበታቸው ገና ንጹህ ነው በተባለበት ሰሞን ግን ለተመራማሪዋ ለዶክተር ፋኢዛ የካንሰር ጥናት ደም ሰጥተው ነበር፤ «ለእኔ ባይደርስ ለሌላ ይድረስ» ብለው። ከቀብሩ በኋላ ዶክተሯ መነንን በቤተ ሙከራዋ ለጽዳት ቀጠረቻት። የዶክተሯ እናት የድሬዳዋ ሰው ስለሆኑ አማርኛዋ የጣፈጠ ነው።

«ሕዋስ ሁሉ ጥቃቅን ከረጢት ወደ ደም ይለቃል» አለቻት አንድ ቀን። «ካንሰሩም ይለቃል። የእሱ ከረጢቶች ቀድመው ጉበት ገብተው ቦታ የሚያመቻቹለት ይመስለናል። ላያቸው ላይ ምልክት ብናገኝ ሳይዛመት እንደርስበታለን።»

«ሠርገኛው ሳይመጣ ድንኳን ተካዮች እንደሚመጡት?»

«ልክ እንደሱ!»

በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ ስንት ሺህ ድንኳን ተካይ! መነን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዳም ደም በብልቃጥ የተቀመጠበትን ማቀዝቀዣ ስትወለውል እጇ ይለሰልስ ነበር።

በ2016 ሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ መብራት ጠፋ። መነን ወለል እየጠረገች ነበር። ጥርጊያዋን ጨረሰች፣ በሩን ቆልፋ አርሂባ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቷ ሄደች። መብራት ሲመለስ መነን ጎረቤቷን ሀኪማን የፍሪጇን ሶኬት ስትሰካ አየቻት።

«ወይኔ! የቤተ ሙከራውን ማቀዝቀዣ ነቅዬዋለሁ!»

ዓርብና ቅዳሜ ቤተ ሙከራው ዝግ ነው። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ደም ከቀለጠ አለቀ። የሞተ ሰው ደም ደግሞ ሁለተኛ አይቀዳም።

ሰዓቱ ሰባት ነበር፤ ጫት የሚገባበት ሰዓት። ታክሲ የለም፣ ከተማው ሁሉ ጫት ፍለጋ ወጥቷል። የሚበር መኪና አንድ ብቻ ነው፣ የጫቱ ፒክአፕ። መነን መሀል መንገድ ቆመች።

«አብደሻል እንዴ?» አለ ሾፌሩ ጀላሉዲን ፍሬን ይዞ። «የከተማው ጉንጭ ሁሉ እየጠበቀኝ ነው!»

«ጉንጭ ይጠብቃል፣ ደም አይጠብቅም!»

«ደም? ማን ተወጋ?»

«ንዳ፣ እነግርሃለሁ!»

እርጥብ ጫት ላይ ተቀምጣ እስከ ቤተ ሙከራው በር በረረች። ማቀዝቀዣው ብቻውን በባትሪው ጲጵ ጲጵ እያለ ያለቅሳል። ሰካችው። ዶክተሯ ጋ ደወለች።

«የማቀዝቀዣውን በር ከፍተሽዋል?»

«አልነካሁትም።»

«ስንት ይላል?»

«ስድሳ ሦስት። ከፊቱ ሰረዝ አለው።»

ከስልኩ ሳቅ ፈነዳ። «ከዜሮ በታች ነው፣ ተርፏል መነንዬ! ያቺን ሰረዝ ስሚልኝ!»

መነን ሳመቻት። ስድሳ አራት፣ ስድሳ አምስት እያለ ወደ ተለመደው ሰማንያ ሲወርድ እንደ ልጅ ጮኸች።

ከወራት በኋላ ብልቃጦቹን የመረመረው የፈረንሳይ ቤተ ሙከራ ፎቶ ላከ። ግራጫ ላይ ፈዛዛ ክቦች።

«የማዳም ከረጢቶች ናቸው» አለች ፋኢዛ። «የምንፈልገው ምልክት በብዛት አለባቸው። የአንድ ሰው ደም ማስረጃ አይሆንም፣ ገና ብዙ ይቀረናል። ግን እይ!»

«ጉበታቸው ንጹህ ነው በተባለበት ቀን ነበሩ?»

«ነበሩ።»

መነን ክቦቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። «እንግዲህ የሚቀጥለው ሰው ላይ ድንኳኑን ሳይተክሉ እንያዛቸው!» አለችና ሶኬቱ መሰካቱን ልታይ ሮጠች።