የሱሀይላ ሁለት አባቶች

ቄስ መልአኩ መካነ ሰላም አጠገብ ሠላሳ ዓመት ሲቀድሱ ከደሴ አልፈው አያውቁም፤ ደሴም የሄዱት ጥርስ ለመነቀል ነበር። የመንግሥት ደጅ ያስጠናቸው የልጃቸው የወርቂቱ ነገር ነው።

ወርቂቱ በ1998 ዓ.ም. ዓረብ አገር ስትሄድ ደላላው «በዚህ ስም አትገቢም» ብሎ ፓስፖርቷን በሱሀይላ አህመዲን አስወጣው። አህመዲን ጎረቤታቸው ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል። ደላላው ስም ሲፈልግ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ቄሱ ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ ሰነበቱና በአራተኛው «እንግዲህ ማተቧን በልቧ ትሰረው» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት የአሠሪዋ የወርቅ አምባር ጠፋና ታሰረች። አምባሩ በሳምንቱ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ተገኘ። ወርቂቱ ግን አልተፈታችም፤ ክሱን የሚያነሳው ሰውዬ ዕረፍት ላይ ነው ተባለ። ዕረፍቱ ስድስት ወር ሆነው። ይህን ሁሉ አብራት ታስራ የነበረች የደጎሎ ልጅ ስትፈታ ደውላ ነገረቻቸው።

ቄሱ አዲስ አበባ ወጥተው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የእስረኞችን ጉዳይ የምትይዘው ሠራተኛ ፊት ቀረቡ። መዝገቧን አገላበጠች።

«ወርቂቱ መልአኩ የምትባል እስረኛ የለችም፣ አባ።»

«እስቲ ሱሀይላ አህመዲን ብለሽ እዪልኝ።»

«እሷ አለች። እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አባቷ።»

ሠራተኛዋ ጥምጣማቸውን አየች፤ መስቀላቸውን አየች። «አቶ አህመዲን ራሳቸው ይምጡ» አለች።

አህመዲን ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው መጣ። መንገድ ላይ ግን አስቀድሞ ነገራቸው፤ «አባ፣ ወላሂ እኔ ሐሰት አልፈርምም።»

«እኔስ ፈርም አልኩህ?» አሉት።

ሠራተኛዋ አህመዲንን «የወለዷት እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«የወለዷት እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን መጡ?»

«ስሜ ታስሯል። ስሜን አስፈቱልኝ።»

ተነሥታ አለቃዋን ጠራች። አለቃው ሁለቱንም አዳምጦ ሁለቱንም በየቃላቸው አስፈረመ።

ለዚያ አገር ኤምባሲ ደብዳቤ ተጻፈ። «እየተጣራ ነው» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ተጻፈ፤ ያው መልስ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየወሩ እየተመላለሱ አምስት ወር ሄደ። በመጨረሻ ሠራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትናንት አምባሳደራቸው ተጠርተው ነበር» አለች። «ሻይ አልቀረበላቸውም።»

ቄሱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

«በእኛ ሥራ ከባድ ነገር ነው።»

«በእኛም አገር ጠብ ነው» አለ አህመዲን።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ወርቂቱ አንድ ፌስታል ይዛ አውሮፕላን ጣቢያ ወረደች። የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ የአህመዲንንም ሳመች። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ከደሴ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ አወራች፤ እስር ቤት ምግብ የሚታደለው በስም ጥሪ ነበር፤ አሠሪዎቿ በስም ጠርተዋት ስለማያውቁ የመጀመሪያውን ሰሞን «ሱሀይላ» ሲባል እሷን መሆኑ እየጠፋት ጦሟን አድራለች።

ቄስ መልአኩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቱ ቲኬት ሊጠይቅ ሲመጣ አህመዲን የእሳቸውንም አውጥቶ ሰጠው።

«አባ ተኝተዋል» አለው።