የስፖንጁ ምርቃት

የሶፋ ልብስ ሰፊዋ ስትናደድ የስፌት መኪናዋን አታቆምም፤ ጨርቁ ይሮጣል፣ ምላሷም አብሮ ይሮጣል። ባሏ፣ ሰፈሩ «ስፕሪንጉ» የሚለው ሶፋ ሠሪ፣ ያን ጊዜ እንጨት እየለካ ዝም ነው። ዕድሜውን ሙሉ መቀመጫ ሲሠራ ኖሮ መቀመጥ የማያውቅ ሰው! አምና ደረቱን አሞት ከተኛ ወዲህ ነው ትንሽ የረገበው። ሲያመው ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ኪኒን ከሸሚዝ ኪሱ አትለይም።

ጣጣውን ያመጣው ስፖንጅ ነጋዴው ነው። ዕቃ ለገዛው ሁሉ ምርቃት ይሰጣል። ድሮ ምርቃቱ ማስቲሽ ነበር፤ ዘንድሮ የወንድ ኪኒን ሆነ። ከእሽጉ ላይ በስፖንጅ መቀስ ተቆርጦ፣ ስም የለው፣ ወረቀት የለው፣ እንደ ከረሜላ ጣል ይደረጋል። ሶፋ ሠሪዎቹም እየተሳሳቁ ኪሳቸው ይከቱታል።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ልታጥብ ስትል ኪሱ ውስጥ ባዶውን የኪኒን ልጣጭ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የራስ ምታት።»

«ራስህን ከመቼ ወዲህ ነው ስፖንጅ ቤት የምትታከመው?» አለችና ተወችው። ትልቅ ሰው ማሳፈር ምን ይሠራል ብላ።

ረፋዱ ላይ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ወጥሮ ሚስማር ሲመታ ደረቱን ያዘ። ላብ አጠመቀው። ኪሱን ቢዳብስ የልቡ ኪኒን የለም፤ ከሸሚዙ ጋር ቤት ቀርቷል። የልጃቸው ባል በመኪናው አጣድፎ ክሊኒክ አደረሳቸው።

ነርሱ ያችኑ ከምላስ ሥር የምትደረግ ኪኒን ይዞ መጣ። ሐኪሟ አስቆመችው።

«አባባ፣ ይቺን ከመስጠታችን በፊት፣ ሰሞኑን ለወንድነት የሚሆን መድኃኒት ወስደዋል?»

ስፕሪንጉ አማቹን አየ። አማቹ ጣሪያውን አየ።

«ኧረ እኔ! በዚህ ዕድሜዬ!»

ነርሱ ጠጋ አለ።

«ውሸቱን ነው!» ብላ ጮኸች ሚስቱ። «ማታ ወስዷል! ባዶውን አግኝቼዋለሁ!»

«አንቺ ሴት...»

«ዝም በል! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ሞት ግን ይገባል!»

ሐኪሟ የነርሱን እጅ ያዘች። ሁለቱ ቢደራረቡ የደም ግፊቱ ቁልቁል ወርዶ ላይመለስ ይችል ነበር አለች። ያን የወንድ ኪኒን የዋጠ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንዳንዱን ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን፣ ያችን የልብ ኪኒን መንካት የለበትም። የትኛው ዓይነት ነው? ማን ይወቅ! ስሙን መቀስ በልቶታል። በሌላ መድኃኒት ረዱት፤ ከሰዓት በኋላ ደረቱ ለቀቀው።

ሚስትየውን ግን ሐሳቡ አልለቀቃትም። ሸሚዙን ባትወስድበት ኖሮ ኪኒኗን ራሱ ምላሱ ሥር ያኖራት ነበር።

«ለማን ብለህ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ።»

«መበለት ልታደርገኝ? ሐኪሟ እዚህ አለች፤ ችግሬ ይሄ ነው ብትላት ትነክስሃለች?»

በማግስቱ ስፖንጅ ቤት ገባች። ሶፋ ሠሪዎቹ ተራ ይዘዋል።

«እትዬ፣ ስፕሪንጉ ተሻለው?» አለ ነጋዴው።

«ተሻለው። ያን ምርቃትህን ስትሰጠው ልብህን ያምሃል ወይ ብለህ ጠይቀኸዋል?»

«እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደል!»

«መስጠቱ ሳይሆን መጠየቁ ነው ነውሩ? ስፖንጅ ስትሸጥ ውፍረቱ ስንት ይሁን፣ ለአልጋ ነው ለወንበር ትላለህ። የሰው ልብ ከትራስ አነሰብህ?»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ጠና ያለ አናጢ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ እንኳ ልቤን አያመኝም። የምወስደው የግፊትና የሽንት መድኃኒት ነው። ለእኔስ...?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! የምትውጠውን ሁሉ ይዘህ ሐኪሟ ጋ ሂድ።»

«አፍራለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እያፈርክ ሂድ!»

አናጢው እጁን ኪሱ ከትቶ ያችን የኪኒን ቁራጭ አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖራት። ከጎኑ የቆመውም ኪሱን መዳበስ ጀመረ።