እናቴና ጎረቤታችን በግዞተኞቹ ደሴት

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ቡታጅራ ውስጥ በአስተማሪነት በተቀጠርኩ ሰሞን፣ እናቴን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች አንዱን ላስጎበኛት ተነሣሁ። ጥንት ከነገሥታት ጋር የተጣሉ መነኮሳት እዚያ ይጋዙ እንደነበር ሰምቼ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።

«እስር ቤት ለማየት ይህን ያህል መንገድ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም ቆጮና አይብ ቋጥራ ተከተለችኝ።

የሚወስደን በርበሬ ነጋዴው ጎረቤታችን ነበር። የጭነት መኪናውን በር ስንከፍት ሚስቱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች፤ እሷም ሐይቅ ማየት አምሯት ኖሯል። የእሷ ፍየል የእናቴን የጓሮ ጌሾ ከበላች ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ተኳርፈዋል። መሐላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ለእናትህ ንገራት፣ ክርኗ ጎኔን ወጋኝ» አለችኝ ጎረቤታችን።

«ክርን የለኝም በላት፤ ፍየሏ በልታዋለች» አለች እናቴ።

ባልየው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ዝዋይ ስንደርስ እሱ ጭነቱን ሊያራግፍ ቀረ፣ እኛ በደንገል ታንኳ ተሳፈርን። ቀዛፊው ታንኳዋ እንዳታጋድል ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ጉማሬ አጠገባችን ብቅ ብሎ ሲያናፋ አንዷ «ያ አላህ!»፣ ሌላዋ «እመብርሃን!» ብለው ተቃቀፉ። ደሴቱ ላይ ስንወርድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጀርባ ተሰጣጡ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀበሉን። «አባ፣ እስር ቤቱ የት ነው?» አልኳቸው።

«የምን እስር ቤት፣ ልጄ? ግንብም ሰንሰለትም አልነበረም። ያሰራቸው ውሃው ነው።»

ያሳዩኝ ሣር የዋጠው የድንጋይ ካብ ብቻ ነበር። ቅር ብሎኝ ልመለስ ስል ነፋስ ተነሣ፤ ቀዛፊውም ማዕበሉ ካልበረደ ንቅንቅ አልልም አለ። ጎረቤታችን ስንቅ አልያዘችም ነበር። እናቴ ቆጮውን ቆርሳ «ለሴትዮዋ ስጣት» አለችኝ።

«ራስሽ ስጫት» ብያት የሐይቁን ወፎች ለማየት ወደ ዳር ወረድኩ።

ስመለስ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ጎረቤታችን ከመቀነቷ ያወጣችውን በርበሬ አይቡ ላይ ነስንሰው ይበላሉ።

«ጌሾሽን እኔው እተክልልሻለሁ» ትላለች ጎረቤታችን።

«ተዪው፣ ቆይቷል እኮ ካቆጠቆጠ። እንዲያውም ከቀድሞው በዝቷል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አኩርፌሽ እንዴት ልንገርሽ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም አላስቻለኝም።

ነፋሱ ከበረደ በኋላ ቀዛፊው ደጋግሞ ተጣራ፤ ስለ ልጅ መዳር የያዙት ወሬ ስላላለቀ ማን ይስማው? በመከራ አስነሣኋቸው። ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ጋቢናው ለወሬያቸው ጠበበና እኔን ወደ ኋላ ሰደዱኝ። በርበሬው ከውስጣቸው የተራገፈ ባዶ ጆንያዎች ላይ ተቀምጬ፣ ሳቃቸው ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየተሰማኝ፣ ቤታችን እስክንደርስ ሳስነጥስ ሄድኩ።