አያ ይስማው ማታ ማታ የሚጠይቁኝ

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ፣ በአያ ይስማው የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ነው። የመጀመሪያው ቀን የብሎን መፍቻ ቁልፍ አላስያዙኝም። ረጅም ካቻቢቴ ሰጡኝና ጫፉን የሚሠራ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። «ስማ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስሰማ ዋልኩ።

በዚያው ቀን አብሮኝ የገባ የኔሰው የሚባል የማንኩሳ ልጅ ነበር። እሱን ግን ቁልፍ አስያዙት። እጁ ለሥራ የተፈጠረ ነው ብለው ለደንበኛ ሲናገሩ ሰማሁ፤ ጆሮዬ የዚያን ቀን ከሞተሩ ይልቅ ያንን ነው የያዘው።

ማታ ጋራዡ ሲዘጋ አያ ይስማው ወደ እኔ ዞረው «ቀናህ?» አሉኝ። በእኛ አገር ከገበያም ከሥራም የተመለሰ ሰው እንዲህ ይጠየቃል። «ቀናኝ» አልኳቸው፣ ዓይኔ የኔሰው እጅ ላይ እንዳለ። አያ ይስማው ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። እዚያ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ይችን ጥያቄ አንድም ማታ አላስታጎሉብኝም።

ሙያውን ለማያውቅ ልንገር። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ካንዴላው እሳት መስጠት አለበት። «እሳት ቸኩሎ ከመጣ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ዘግይቶ ከመጣ ያኮርፋል» ይሉ ነበር አያ ይስማው። ቤንዚኑም እንደዚያው ነው፤ ሲበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሲያንስ ይነጣል፣ ሞተሩም ይግላል። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተር ዘመን ይህን ሁሉ የምናስተካክለው በካቻቢቴና በጆሮ ነበር። እኔ በዚህ ጎበዝ ነበርኩ፤ ስናገረው አላፍርም።

በኋላ ፍኖተ ሰላም የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ሰዉ «ጆሮው» ይለኝ ጀመር። ሞተሩ ገና ከመንገድ ሳይገባ ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞረው ዙር፣ ከፍ ማለቱን እናገር ነበር። ከገጠር ድረስ እየጠየቁ ይመጡልኝ ነበር።

ከዚያ የኔሰው አዲስ አበባ ቆይቶ መጣና ልክ ፊት ለፊቴ ከፈተ። ላፕቶፕ ይዞ። አዲሶቹ ሞተሮች ካርቡራተር የላቸውም፤ በየዙሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ፣ እሳቱም መቼ እንደሚመጣ የሚያዝ ሰንጠረዥ በውስጣቸው ተጽፏል። የኔሰው «ማፕ» ይለዋል። ሽቦ ይሰካና ቁጥሩን ይለውጣል፣ ልብሱ እንኳ አይቆሽሽም።

ቀናሁ። አንጀቴ አረረ ብል ይቀለኛል። አንድ አስተማሪ ደጄ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የኔሰው ምሳ በልቶ መቼ እንደሚመለስ እኔኑ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ምን ላድርግ። ስንት ሞተር እንደገባለት ሳይ እውልና የያዝኩት ሥራ ሳይነካ ይመሻል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አያ ይስማው መጡ። ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ታመው ከተማችን ልጃቸው ቤት ነበሩ፤ ግሽ ዓባይ ጠበል ሊያደርሷቸው አስበዋል። ሞተራቸው ግን ሁለት ሰው ይዞ ያን ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ሲሊንደሩን በትልቅ፣ የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን ማርሚታም በሌላ አስቀይረዋል። እንዲህ ሲለወጥ ማፑም እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ደጄ ሲደርሱ ፍጥነት ቀነሱ። ተነሥቼ እጄን ጠረግሁ። ሰላም ብለውኝ አለፉና የኔሰው ዘንድ ገቡ።

የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

በማግሥቱ አስጠሩኝ። ሞተሩ ዳገት ላይ ያንኳኳል አሉ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። የኔሰው እየነዳ እኔ ከኋላው ሆኜ ወደ ሰከላ የሚያወጣውን ዳገት ያዝን። ገና ከመነሻው ሰማሁት። ፍርዱን አፌ ላይ አዘጋጅቼው ስለነበር «እሳቱ ቸኩሏል» አልኩ።

የኔሰው አልተከራከረም። ቆመ፣ ላፕቶፑን ከፈተ፣ እሳቱን ወደ ኋላ መለሰው። ማንኳኳቱ አልቀረም። ደግሜ ዘግየት አድርገው አልኩት፤ አደረገው። አሁን ሞተሩ አኮረፈ፣ እኔም ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ድምፁ ግን ያው ነው።

የኔሰው መንገድ ዳር ተቀመጠ። «አያን ‹ጆሮውን ይጥሩልኝ› ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለኝ። «ስለዚህ እባክህ፣ እኔን ተወኝና ሞተሩን ስማው።»

ደግነቱም አስቀናኝ። ቢሆንም ካቻቢቴዬን አወጣሁ። የኔሰው ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮኑን በቀስታ እየለቀቀ ነዳጅ ሰጠው፣ እኔ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በጫፉ እየነካሁ ሰማሁ። ሲሊንደሩ ጤና ነው። ድምፁ ያለው ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ብሎን ላይ ነው፤ ድንጋይ መንገድ አላልቶታል። አጠበቅሁት። የኔሰው የመጀመሪያውን ማፕ መለሰ። ሞተሩ ሁለታችንን ይዞ ሳያንኳኳ ወጣ። ማፑ ከመነሻው ልክ ነበር።

ማታ የሞተሩን ቁልፍ ስናስረክብ አያ ይስማው ወደ እኔ ዞሩ። «ቀናህ?»

«ቀናሁ፣ አያ» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን አጣፉ፣ አልሳቁም። «እኔማ ከመጀመሪያው ቀን የጠየቅሁህ እሱን ነበር» አሉ።

ሰኞ ጧት ባለቤታቸውን ከኋላ አስቀምጠው በመንገዳችን አለፉ። ክላክስ አደረጉ። ለእኔ ይሁን ለየኔሰው መለየት አልቻልኩም፣ እስከ ዛሬም ያሳስበኛል።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህ ነው፦ ሞተር ልትሰሙ ስትቀርቡ ማን እንዳስተካከለው አትጠይቁ። ብሎኑን አስቀድማችሁ እሰሩ።