አራት ጀሪካን ይዤ ወደ ደሴቷ

ዛሬ ጠዋት የቤቴን በር ስከፍት አራት ባዶ ጀሪካን ተደርድሮ ጠበቀኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ እኔና ጓደኛዬ ሄለን ሳይክላችንን አውቶቡስ ላይ አስጭነን ዝዋይ፣ ከዚያ በጀልባ፣ መኪና የሚባል ነገር ወደሌለባት ትንሽዬ ደሴት ልንሄድ ነው። ደርሶ መልስ! ክላክስ የለ፣ "ወራጅ አለ" የለ። በቃ፣ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስህተቴ ደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ለእማማ ብርቄ መንገሬ ነው። (ጎረቤቴ ናቸው። ለእሳቸው የተነገረ ወሬ ከካዛንቺስ ቄራ ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም።)

ጀሪካኑ የጎረቤት ሁሉ ነው፣ ለጸበል። "ምን ይከብድሻል ልጄ፣ በጎማ አይደል የምትሄጂው?" አሉኝ እማማ ብርቄ። ሌላው ጎረቤቴ ጋሽ ከድር ደግሞ ጸበሉ ባይመለከታቸውም ዓሣ አዘዋል።

ከሥራ ስመለስ ጀሪካኖቹን ከሳይክሌ ኋላ አስሬ ለሙከራ እስከ ባምቢስ ነዳሁ። ኳ ኳ ሲል መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግን ይቻላል!

እማማ ብርቄ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጀሪካኖቹን አስፈቱኝና የኋላ መጫኛውን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ይሄ ነገር ሰው ይሸከማል?"

ሄለን አሁን ጀልባው ላይ ሦስተኛ ቦታ እየያዘች ነው። ለሽርሽር ተነስታችሁ ሰፈሩ የተሳፈረባችሁ፣ እስቲ አጽናኑኝ!